ከመሳቢያ የወጣው ቀይ ማራገቢያ፦ የጎርጎኒያን ኮራል ናሙናን መግለጽና መለየት

የሙዚየም መጋዘን ገብታችሁ የኮራል መሳቢያ ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ አቧራ ነው። ከአቧራው ሥር አንድ ቀይ ነገር ተጋድሟል። ቅርንጫፎቹ በአንድ ገጽ ተዘርግተው የከሰል ማራገቢያ መስለዋል። አጠገቡ ብጫቂ ወረቀት አለ፤ "ጎርጎኒያ፣ ቀይ ባሕር" ይላል። ማን ሰበሰበው? መቼ? ከስንት ሜትር ጥልቀት? ወረቀቱ መልስ የለውም።

ይህ መመሪያ እንዲህ ዓይነት ናሙና እጃቸው ለገባ ሰዎች ነው፤ ለባዮሎጂ ተማሪ፣ ለሙዚየም በጎ ፈቃደኛ፣ ወይም "እስቲ ይህን መሳቢያ አስተካክል" ለተባለ አዲስ ሠራተኛ። ከቀይ ባሕር የመጣውን ይህን ቀይ ማራገቢያ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ጀማሪ ናሙናውን እንዳየ ስም ፍለጋ ይሮጣል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን መጀመሪያ መግለጽ፣ ስሙን በኋላ መፈለግ ነው። ስም ይቀየራል። ያያችሁትን በደንብ ከጻፋችሁ ግን ከ50 ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ጽሑፋችሁን አንብቦ ስሙን ራሱ ያስተካክላል።

ስለ እንስሳው ትንሽ

ጎርጎኒያን ተክል እንዳይመስላችሁ። እንስሳ ነው፤ እንዲያውም የጥቃቅን እንስሳት ሰፈር ነው። እያንዳንዷ ነዋሪ ፖሊፕ ትባላለች። ስምንት እጆች አሏት፤ እጆቿ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተበጠሩ ናቸው። ሰፈሩ የቆመው በአንድ ውስጠኛ ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉን እንደ ዛፍ ቅርፊት የሸፈነው ሥጋ ውስጥ ደግሞ ስክለራይት የሚባሉ የኖራ ቅንጣቶች ተሰግስገዋል። ዋናው ምስጢር ያለው እነዚህ ቅንጣቶች ዘንድ ነው።

ስሙ የመጣው ከግሪኮች ተረት ነው፤ ፊቷን ያየ ሁሉ ድንጋይ ይሆናል ከተባለላት ከጎርጎን። ዛሬ ሳይንቲስቶች "ጎርጎኒያን" የሚለውን ቃል የሚጠቀሙት ለመልክ እንጂ ለዘር ሐረግ አይደለም። በ2022 በዘረመል ጥናት ላይ ተመሥርቶ ስምንት እጅ ያላቸው ኮራሎች እንደገና ሲመደቡ በሁለት ትልልቅ ክፍሎች ተከፈሉ፤ ማላካልሲዮናሴያ እና ስክለራልሲዮናሴያ። ማራገቢያና ጅራፍ የሚመስሉት በሁለቱም ውስጥ አሉ። ስለዚህ በአሮጌ ሌብል ላይ "ጎርጎናሴያ" የሚል የክፍል ስም ብታዩ ስህተት ነው ብላችሁ አትሰርዙ። የዘመኑ አጠራር ነው።

አንደኛ፦ ሌብሉ

ናሙናውን ከመንካታችሁ በፊት መሳቢያውን እንዳለ ፎቶ አንሱት። የትኛው ወረቀት የትኛው ናሙና አጠገብ እንደነበር በኋላ የሚመሰክርላችሁ ይህ ፎቶ ብቻ ነው። ከዚያ ሌብሉን ፊትና ጀርባውን አንሱ። ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ የድሮ ቁጥር ይገኛል።

ከዚያ ጽሑፉን እንዳለ ገልብጡ። ፊደል ቢሳሳትም እንዳለ ይገልበጥ። ምጽዋ በጣሊያን እጅ ሌላ፣ በእንግሊዝ እጅ ሌላ ሆና ትጻፋለች፤ አጻጻፉ ራሱ ማን እንደጻፈው ሊጠቁም ይችላል። የእናንተን ማብራሪያ በሌላ መስመር ጨምሩ።

የቀይ ባሕር ናሙናዎች ታሪክ ከእኛ አካባቢ ጋር ይነካካል። ኤረንበርግና ሄምፕሪክ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በ1820 ተነሥተው ለዓመታት በግብፅና በቀይ ባሕር ዳርቻ ሲሰበስቡ ኖሩ። ሄምፕሪክ በ1825 እዚያው ምጽዋ ላይ ሞተ። ኤረንበርግ ተመልሶ የቀይ ባሕር ኮራሎችን ሥራውን በ1834 አሳተመ። ኋላ በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች ወደ ዳህላክ ደሴቶች ሁለት ጊዜ ዘምተው ናሙና ሰብስበዋል። ያኔ ደሴቶቹ በኢትዮጵያ ሥር ነበሩ፤ ዛሬ የኤርትራ ናቸው። ስለዚህ "ኢትዮጵያ" ተብሎ የተጻፈበት የባሕር ኮራል ብታገኙ አይግረማችሁ፤ ኢትዮጵያ ባሕር የላትም ብላችሁም አትጣሉት። የድሮው ይቀመጥ፤ የዛሬው የአገር ስም በአዲስ ሌብል ላይ ይጨመር።

ቀን ላይም ተጠንቀቁ። 5/6 ግንቦት 6 ነው ሰኔ 5? አሜሪካዊውና አውሮፓዊው በተቃራኒ ይጽፉታል። የሰበሰበው የእኛ አገር ሰው ከሆነ ደግሞ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደጻፈው መጠየቅ አለባችሁ፤ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሌብሉ ላይ "ታይፕ"፣ "ሲንታይፕ"፣ "ሆሎታይፕ" የሚል ካለ ወይም ወረቀቱ ቀይ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡና ኃላፊውን ጥሩ። ያ ናሙና የዝርያው ስም የታሰረበት ሊሆን ይችላል። ካለ ፈቃድ ቅንጣት አይቆረጥለትም።

ሳልረሳው፦ ጓንትና ማስክ አድርጉ። ድሮ ደረቅ ናሙናዎችን ነፍሳት እንዳይበሏቸው አርሴኒክና የሜርኩሪ መርዝ ይቀቡ ነበር። የደረቀው ቅርፊት ራሱም ሲራገፍ ደቃቅ የኖራ ብናኝ ነው፤ ሳንባ አይወደውም።

ሁለተኛ፦ በዓይንና በማስመሪያ

ናሙናውን ጥቁር ወይም ግራጫ ጨርቅ ላይ አጋድሙት። ማስመሪያና የመዝገብ ቁጥሩን አጠገቡ አድርጋችሁ በፊትም በጀርባም አንሱ። ከዚያ ጻፉ፦

ቁመት፣ ስፋት፣ የግርጌው ውፍረት። ግርጌው ሙሉ ነው ወይስ ተሰብሯል? ከተሰበረ ቁመቱ የእንስሳው ሳይሆን የቁራጩ ነው፤ ይህንኑ ጻፉ።

የቅርንጫፍ አወጣጥ። አንድ ወጥ ጅራፍ ነው? እየተከፈለ ሁለት ሁለት ይሆናል? እንደ ላባ ከአንድ ግንድ ግራና ቀኝ ይወጣል? ወይስ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው መረብ ሠርተዋል? በአንድ ገጽ ነው የተዘረጋው ወይስ እንደ ቁጥቋጦ በየአቅጣጫው?

የጫፍ ቅርንጫፍ ውፍረት በሚሊሜትር። ከአምስት ቦታ በላይ ለኩና ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ስጡ። አንድ ቁጥር ብቻ መስጠት ውሸት ባይሆንም ግማሽ እውነት ነው።

አሁን አጉሊ መነጽር አንሡ። ፖሊፖቹ የተደበቁባቸውን ጉብታዎች ፈልጉ። በኛ ቀይ ማራገቢያ ላይ ጉብታዎቹ ቢጫ ናቸው። ስፋታቸው ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም፤ 1 ሚሊሜትር ገደማ። ቀዩ ቅርንጫፍ ላይ ጤፍ የተነሰነሰ ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ግን ዝም ብሎ የተነሰነሰ አይደለም፤ ፊት ለፊትና በሁለቱ ጎን ተደርድሯል፤ ጀርባው ባዶ ነው። ይህ መጻፍ ያለበት ነገር ነው። በአንድ ሴንቲሜትር ስንት ጉብታ እንዳለ ቁጠሩ። ጉብታው ከፍ ያለ ነው ወይስ ከቅርፊቱ ጋር እኩል? አፉ ተከፍቷል ወይስ ተዘግቷል?

ቀለምን በተመለከተ ብልሃት አለው። በሥጋው ውስጥ ያለ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል፤ ናሙናው ነጭ ወይም ቡናማ ሆኖ ይቀራል። በስክለራይቶቹ ውስጥ ያለ ቀለም ግን ኖራው ውስጥ ስለሆነ አይለቅም። ዕድሜውን የማናውቀው አሮጌው ቀይ ማራገቢያችን አሁንም ቀይ የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ "ቀይ" ብቻ አትበሉ፤ "ደረቅ ሆኖ ቀይ፣ ጉብታው ቢጫ" በሉ።

ሦስተኛ፦ ዘንጉ ምን ይላል?

ቅርፊቱ የተላጠበት ቦታ ፈልጉ፤ አሮጌ ናሙና ላይ ሁልጊዜ አይጠፋም። መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ "በእርግጥ ጎርጎኒያን ነው ወይ?" የሚል ነው። ጥቁር ኮራል የሚባለው ዘመድ ሲደርቅ በጣም ይመሳሰላል። እሱ እጆቹ ስድስት ናቸው፤ ደረቅ ናሙና ላይ ግን እጅ የለም። ዘንጉን በሌንስ እዩት። ጥቁር ኮራል ዘንጉ ላይ ጥቃቅን እሾኽ አለው። የጎርጎኒያን ዘንግ እሾኽ የለውም፤ ለስላሳ ነው ወይም ቁመቱን ተከትለው የሚሄዱ ስስ መስመሮች አሉት። ይህ ልዩነት ለሕግም ይጠቅማል፤ ጥቁር ኮራል ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው በሳይቲስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላለ ናሙናውን ወደ ሌላ አገር ሙዚየም በውሰት ለመላክ ወረቀቱ ይለያል።

ጎርጎኒያን መሆኑ ከተረጋገጠ ዘንጉ ከሦስቱ ወገኖች ወደ አንዱ ይመራችኋል።

አንደኛው ወገን እንደ ቀንድ ያለ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር፣ ታጣፊ ዘንግ አለው። ጎርጎኒን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። በምላጭ አቋርጣችሁ ብታዩት መሐሉ ላይ ክፍልፋይ ያለው ቀጭን ቀዳዳ አለ።

ሁለተኛው ወገን ዘንጉ ድፍን ኖራ ነው፤ መሐሉ ቀዳዳ የለውም። ጅራፍ የሚመስሉት ኤሊሴሊዶች እንደዚህ ናቸው። ጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚኖረው የቀርከሃ ኮራልም እዚህ ነው፤ ነጭ የኖራ አንጓና ጥቁር የቀንድ አንጓ እየተፈራረቀ።

ሦስተኛው ወገን ዘንጉ ራሱ ከስክለራይት የተገነባ ነው። ለጌጥ የሚሠራው ቀይ መርጃን ከዚህ ወገን ነው።

የኛ ማራገቢያስ? የተላጠውን ቦታ ስታዩ ዘንጉ እንደ ሸንበቆ አንጓ አንጓ ነው። ጠንካራ ረጅም ክፍል፣ ከዚያ ያበጠ እንደ ስፖንጅ ያለ አንጓ፣ እንደገና ጠንካራ ክፍል። ቅርንጫፍ የሚወጣው ካበጠው አንጓ ነው። መርፌ ብትጭኑበት አንጓው ይገባል፣ ጠንካራው አይገባም። ይህ የሜሊቴያ ቤተሰብ ምልክት ነው። ገና ኋላ የምንመጣበትን በረኪና ሳንነካ ቤተሰቡ ላይ ደረስን ማለት ነው። ሁሉም ናሙና እንዲህ ደግ አይሆንም።

አንዳንዱ ሰው ዘንጉ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጎ አረፋ ካወጣ "ኖራ ነው" ይላል። ጥሩ ጥቆማ ነው፤ ግን ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ቀንድ መሰል ዘንጎችም ውስጣቸው ጥቂት ኖራ ሊኖር ይችላል። የምትፈትኑት ከዘንጉ የወደቀ ስባሪ ላይ ይሁን እንጂ ናሙናው ላይ ምንም አታንጠባጥቡ።

አራተኛ፦ በረኪናው

ወደ ዋናው ሥራ መጣን። ስክለራይቶቹን ለማየት ሥጋውን ማሟሟት አለብን። ለዚህ የሚያገለግለው ያው የቤት በረኪና ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያ። በረኪናና አቼቶ ወይም ሌላ አሲድ በፍጹም አይገናኙ፤ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ናሙናው አልኮል ወይም ፎርማሊን ውስጥ የነበረ ከሆነ ደግሞ ቁራጩን መጀመሪያ በውኃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ በረኪና ከአልኮል ጋር ሲቀላቀልም አደገኛ ነገር ይፈጥራል። መስኮት ክፈቱ።

በወረንጦና በምላጭ ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር የሚሆን ቁራጭ ውሰዱ። አንድ ቦታ ብቻ አይበቃም። ከጫፍ፣ ከመሐል ቅርንጫፍ፣ ከግርጌ አጠገብ ለየብቻ። ከተቻለም ጉብታውን ከቅርፊቱ ለይታችሁ ውሰዱ፤ በፖሊፕ ውስጥ ያሉት ስክለራይቶችና በቅርፊቱ ላይ ያሉት ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም። ሁሉን አንድ ላይ ካሟሟችሁ የትኛው ከየት እንደመጣ ማን ይነግራችኋል?

እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር በተጻፈበት ትንሽ የመስታወት ቱቦ ክተቱ። ጥቂት ጠብታ በረኪና ጨምሩ። አረፋ ይነሣል። ሥጋው እየነጣ፣ እየሟሟ ይሄዳል፤ የአንዳንዱ በደቂቃዎች፣ የአንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አረፋው ሲቆም ታች የተቀመጠ ደቃቅ አሸዋ ታያላችሁ። የኛው ቀይና ቢጫ ድብልቅ ነው፤ በርበሬና እርድ የተቀላቀለ ይመስላል።

አሁን ትዕግሥት። በረኪናውን ከላይ በፒፔት ቀስ ብላችሁ ሳቡ። የተጣራ ውኃ ጨምሩ። አሸዋው እስኪረጋ ጠብቁ። ሳቡ። ይህን አራት አምስት ጊዜ ድገሙት። የሚቸኩል ሰው እዚህ ይቀጣል፤ ትልልቆቹ ስክለራይቶች ቶሎ ይረጋሉ፣ ትንንሾቹ ግን ዘግይተው ነው። ቶሎ ከሳባችሁ ትንንሾቹን ከውኃው ጋር ደፋችኋቸው። ከዚያ "ይህ ናሙና ትንንሽ ስክለራይት የለውም" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ደፋችሁት እንጂ የለውም አይባልም! በረኪናው በደንብ ካልታጠበም ሲደርቅ ጨው ይሠራና ቅንጣቶቹን ይሸፍናቸዋል። መጨረሻ ላይ በአልኮል አለቅልቃችሁ አድርቁ።

ለእያንዳንዱ ናሙና አዲስ ፒፔት። ይህን የምለው ተቀጥቼ ስለተማርኩ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ፒፔት ሁለት ናሙና ሠራሁ፤ መጀመሪያ ጅራፍ የሚመስለውን፣ ቀጥሎ አንድ ቁጥቋጦ መሰሉን። በማይክሮስኮፕ ሳይ ቁጥቋጦው ውስጥ ጭራሽ ሊኖሩ የማይገባቸው ሁለት ራስ ያላቸው ቅንጣቶች አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ መጽሐፍ ሳገላብጥ፣ አዲስ ነገር አገኘሁ ብዬ ስንቆራጠጥ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ቁራጭ በአዲስ ፒፔት ስሠራ ቅንጣቶቹ የሉም። የጅራፉ ነበሩ። የሥራ ባልደረባዬ እስካሁን "የአንተ ግኝት እንዴት ሆነ?" ትለኛለች።

ሌላ ወጥመድ። ናሙናው ለዓመታት ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ከሆነ ስክለራይቶቹ ተበልተው ሊሆን ይችላል፤ ፎርማሊን እየቆየ አሲድ ይሆናልና። ቅንጣቶቹ ጠርዛቸው ከተድቦለቦለ ወይም ከነጭራሹ ካልተገኙ ጠርሙሱን ጠርጥሩ። "ስክለራይት የለውም" ሳይሆን "አልተገኘም፤ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ነበር" ብላችሁ ጻፉ።

አምስተኛ፦ ቅንጣቶቹን ማንበብ

ከደረቀው አሸዋ ትንሽ ስላይድ ላይ አድርጉ። ለቋሚ ስላይድ ካናዳ በልሳም የሚባለውን ሙጫ ተጠቀሙና ሽፋኑን ክደኑ። ለጊዜያዊ እይታ ውኃ ይበቃል። 100 እጥፍ ማጉላት ለመጀመሪያ ጉብኝት ጥሩ ነው።

መጀመሪያ የምታዩት ግርግር ነው። አትደንግጡ። ቅንጣቶቹን በመልክ ቦድኗቸው። ብዙዎቹ ከ0.05 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ይረዝማሉ፤ ከጤፍ ፍሬ አንድ ሃያኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ገደማ ማለት ነው። ከ1 ሚሊሜትር የሚያልፉ ያሏቸው ዝርያዎችም አሉ።

እንዝርቱን ታውቁታላችሁ፤ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ ወገቡ ወፈር ያለ፣ ሰውነቱ በኪንታሮት መሰል እብጠት የተሞላ። በጣም የተለመደው እሱ ነው። ቀጥሎ ክር የሚጠቀለልባትን ትንሽ እንጨት የምትመስለው አለች፤ ሁለት ጫፏ ሰፋ፣ ወገቧ ቀጠን ያለ። ቆመጥ አለ፤ አንድ ጫፉ ያበጠ። ሁለት ራስ አለ፤ ጂም ውስጥ ያለውን ዳምቤል ቁርጥ። የዓሣ ቅርፊት የሚመስሉ ዝርግ ቅንጣቶችም አሉ፤ እነሱ በብዛት የጥልቅ ባሕሮቹ ፕሪምኖይዶች ናቸው። ጀልባ የመሰለ፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ደግሞ የካሪቢያን ጎርጎኒያዎች ምልክት ነው።

ይህ የመጨረሻው ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቀይ ባሕር ውስጥ አኔላ የሚባል ትልቅ መረብ መሰል ማራገቢያ አለ። በካሪቢያን ደግሞ ጎርጎኒያ ቬንታሊና አለ፤ እሱም መረብ ነው፤ ሊኔየስ በ1758 የሰየመው። ሲደርቁ አንዱን ከሌላው በዓይን ለመለየት አስቸጋሪ ነው። "ቀይ ባሕር" የሚል ሌብል ያለው መረብ አገኛችሁ እንበል። ዘንጉ ጥቁር ቀንድ መሰል፣ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ነው። በስላይዱ ላይ ጀልባ መሰል ቅንጣቶች አሉ። በቃ፣ ሌብሉ ተቀያይሯል፤ እንስሳው ከአትላንቲክ ማዶ ነው የመጣው። አኔላ ቢሆን ኖሮ እንዝርትና ሁለት ራስ ታገኙ ነበር፤ ዘንጉም በስክለራይት የተሞላ በሆነ። ሁለት ራስ ስላያችሁ ብቻ ግን ወደ አኔላ አትዝለሉ፤ ኤሊሴሊዶቹም ሁለት ራስ አላቸው። እነሱን የሚለያቸው ድፍን የኖራ ዘንጋቸው ነው። ቅንጣትና ዘንግ አብረው ሲመሰክሩ ነው ፍርድ የሚሰጠው።

ወደ ቀዩ ማራገቢያችን። እንዝርቶች፣ የክር እንጨት መሰሎች፣ ጥቂት ቆመጦች። ከቅርፊቱ የመጡት ቀይ፣ ከጉብታው የመጡት ቢጫ። በመሐላቸው ደግሞ ምንም እብጠት የሌላቸው ለስላሳ ዱላዎች። ጀማሪ እነዚህን እንደ አንድ ልዩ ነገር ይመዘግባል። እነሱ የቅርፊቱ አይደሉም፤ ከዘንጉ አንጓ የወጡ ናቸው። ምላጩ ጠለቅ ብሎ ገብቷል ማለት ነው። ለየብቻ ጻፏቸው።

ከእያንዳንዱ ዓይነት አሥር ወይም ሃያ ለኩ። ትልቁንና ትንሹን መዝግቡ። ፎቶ አንሱ፤ ከቻላችሁም በእርሳስ ሳሉ። ሥዕል ዓይንን ያስገድዳል፤ ፎቶ ስታነሡ ያላያችሁትን እብጠት ስትስሉ ታያላችሁ። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካላችሁ እሰየው፤ የላዩን ዝርዝር እሱ የሚያክለው የለም። ቀለም ግን አያሳይም። ስለዚህ የተራው ማይክሮስኮፕ ፎቶ መቅረት የለበትም።

ስድስተኛ፦ አሁን ስም

ስክለራይት ለመለየት ወሳኝ መሆኑ በደንብ የታየው ከ1860ዎቹ ወዲህ፣ ከስዊዘርላንዳዊው የአናቶሚ ሊቅ ከኮሊከር የ1865 ሥራ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተሰጡ ስሞች፣ የኤረንበርግን ጨምሮ፣ በመልክና በቀለም ላይ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ የ1834ን መግለጫ ብቻ አንብባችሁ "የኔው ነው" ማለት አይቻልም። ወይ ታይፑን ማየት፣ ወይ ታይፑን አይቶ ስክለራይቱን የሳለ የኋላ ሰው ሥራ ማግኘት ያስፈልጋል። ለቃላቱ ደግሞ ቤየር፣ ግራስሆፍና ፈርሰፌልት በ1983 ያዘጋጁት በሦስት ቋንቋ የተጻፈ የቃላት መፍቻ አለ፤ የየቅንጣቱ ስም ከነሥዕሉ እዚያ ይገኛል። ያለ እሱ ይህን ሥራ አልጀምርም።

ስሙን ስታገኙ ዛሬ ተቀባይነት ያለው መሆኑን ዎርምስ በሚባለው የዓለም የባሕር ዝርያዎች መዝገብ ላይ አጣሩ። የሜሊቴያ ቤተሰብ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ድሮ በስክለራይታቸው ልዩነት አካባሪያ፣ ክላትራሪያ፣ ሞፕሴላ፣ ራይቴላ፣ ሜሊቴያ እየተባሉ ይከፈሉ ነበር። በ2014 የዘረመል ጥናት ሲታይ ክፍፍሉ አልቆመም፤ ሁሉም "ሜሊቴያ" ውስጥ ተጠቃለሉ። የድሮ ሌብል ላይ "አካባሪያ ኤሪትሬያ" ካለ ዛሬ "ሜሊቴያ ኤሪትሬያ" ነው። ሌብሉ ላይ ግን የድሮው ይቀመጣል።

ዘረመል ካነሣን፦ ከደረቀ ወይም ፎርማሊን ከነካው አሮጌ ናሙና ዲኤንኤ ማውጣት ከባድ ነው። ቢወጣም እንኳ ለእነዚህ ኮራሎች የተለመደው ሙትኤስ የተባለው የማይቶኮንድሪያ ጂን ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ቅርብ ዝርያዎችን ሁልጊዜ አይለይም። ዲኤንኤ ከመጣ ብዬ ስላይዱን የተውኩት ናሙና የለኝም።

እስከ የት ነው ስም የሚሰጠው? ማስረጃው እስከወሰደው ድረስ ብቻ። ጂነሱን፣ ማለትም ቅርብ ዝርያዎችን የሚያሰባስበውን ወገን፣ እርግጠኛ ሆናችሁ ዝርያውን ካልሆናችሁ "ሜሊቴያ ኤስፒ." (ዝርያው ያልተለየ ሜሊቴያ) ብላችሁ አቁሙ። ከአንድ ዝርያ ጋር በጣም ተመሳስሎ ማወዳደሪያ ካጣችሁ በመሐሉ "ሲኤፍ." ("አወዳድር" ማለት ነው) አስገቡ። ይህ ሽንፈት አይደለም። በድፍረት የተጻፈ የተሳሳተ ስም ግን ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ ካርታ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ማን ያወርደዋል?

ሰባተኛ፦ ጽሑፉና ሌብሉ

የቀዩ ማራገቢያ መግለጫ ይህን ይመስላል፦

"ደረቅ ናሙና፣ ግርጌው የተሰበረ። ቁመት 23 ሴ.ሜ.፣ ስፋት 19 ሴ.ሜ.። በአንድ ገጽ የተዘረጋ፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ካበጡ አንጓዎች የሚከፈል፤ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ አልተጣበቁም። የጫፍ ቅርንጫፍ ከ1.2 እስከ 1.8 ሚ.ሜ.። ጉብታዎች ዝቅ ያሉ፣ በፊትና በሁለት ጎን፤ ጀርባው ባዶ። ቅርፊት ቀይ፣ ጉብታ ቢጫ። ዘንግ ባለ አንጓ። የቅርፊት ስክለራይት፦ ቀይ እንዝርት፣ ክር እንጨት መሰል፣ ጥቂት ቆመጥ። የጉብታ፦ ቢጫ እንዝርት። የዘንግ አንጓ፦ ለስላሳ ዱላ። ሜሊቴያ ኤስፒ."

ከዚህ በታች የስክለራይቶቹን ልኬት በየዓይነቱ ታሰፍራላችሁ። "ውብ"፣ "ትልቅ"፣ "ደስ የሚል ቀይ" የሚባል ነገር የለም። በቁጥር ሊለካ የሚችለው ሁሉ በቁጥር።

ከዚያ አዲስ የመለያ ሌብል ጻፉ፤ በሳይንሳዊው የላቲን ፊደል የዝርያው ስም፣ የለየው ሰው፣ ዓመቱ። አልኮል ውስጥ የሚገባ ከሆነ በእርሳስ ወይም በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ታጥቦ ይሄዳል፤ ወረቀቱም ወፍራም ይሁን። የድሮዎቹ ሌብሎች በሙሉ ከአዲሱ ኋላ ይቆያሉ።

ስላይዶቹና የተረፈው አሸዋ የናሙናውን የመዝገብ ቁጥር ይያዙ። የት እንደተቀመጡም መዝገቡ ላይ ይጻፍ። ከየት እንደቆረጣችሁ ፎቶው ላይ በቀስት አመልክቱ፤ ቀጣዩ ሰው ሌላ ቦታ እንዳይቆርጥ። የወዳደቀውን ስባሪ እንኳ ጠርጋችሁ በትንሽ ፖስታ አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ሰው ከናሙናው ሳይሆን ከፖስታው ይወስዳል።

ማራገቢያውን ወደ መሳቢያው ስትመልሱ ጀርባው ወደ ታች ይሁን፤ ጉብታ የሌለበት ጎን ቢፈተግ ጉዳቱ ያንሳል። መሳቢያውን በቀስታ ግፉት።